ሁለት ጥሩምባ የነበረው ሰው

ባሌ ጥሩምባ ነፊ ነበር ስል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የየትኛው እድር?» ብሎ ነው። አልቆጣም። አባቴም ያለው እሱኑ ነው። ሽማግሌዎቹ እኔን ሊጠይቁ መጥተው የልጁን ሥራ ሲናገሩ አባቴ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ፣ «ልጄን በየማለዳው ለቅሶ ለሚለፍፍ ሰው አልሰጥም» አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሰቃ ሐጂ ነበሩ፤ «ወላሂ ይኼኛው ለሞተ ሰው ነፍቶ አያውቅም፣ ለሚጨፍር ነው የሚነፋው» ብለው ማሉለት። ሌላኛው ነገሩን ያሳመሩ መስሏቸው «ጃዝ ነው የሚጫወተው» ሲሉ ግን አባቴ የባሰ ግራ ተጋባ። ጃዝ ሲባል እሱ የሚያውቀው ውሻ ሲያስነክሱ ብቻ ነበር።

ለማንኛውም ተዳርኩ።

አሁን ስለዚህ ሰው ልጻፍ ብዬ የተነሳሁት የልጅ ልጆቼ ስለ ድሮ ሙዚቀኞች በሬዲዮ ሲወራ ሰምተው «አያታችንስ ለምን ስማቸው አልተጠራም?» ስላሉኝ ነው። ያልተጠራበትን ምክንያት አውቃለሁ። ግማሹ የዘመኑ ጥፋት ነው፤ ግማሹ የኔ ነው። የዘመኑን ሌሎች ጽፈውታል። እኔ የራሴን ልጻፍ።

ባሌ ያደገው ጦር ሰፈር ውስጥ ነው። ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ የሰልፍ ባንድ ውስጥ አስገቡት። ጥሩምባ ያስያዙት ፍላጎቱን ጠይቀው አይደለም፤ ከበሮውም ክላርኔቱም ሰው ይዞት ስለነበረ ነው። ጃዝ የሚባለውን ከሸክላ ለመደው። አንድ አርመን አስተማሪያቸው ከሰዓት በኋላ ሸክላ ያሰማቸው ነበርና፣ ሌሎቹ ልጆች እንቅልፍ ሲወስዳቸው እሱ ጆሮውን የሸክላ ማጫወቻው ሳጥን ላይ ለጥፎ ይውላል። ከጦሩ ሲሰናበት አንድ አሮጌ፣ ከአገልግሎት ውጭ የሆነ ጥሩምባ ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጅማ የመጣው።

ጅማ በቡና ጊዜ ሌላ ከተማ ነበረች። ቡና ሲደርስ ነጋዴው ኪሱ ይሞላል፣ ኪሱ ሲሞላ መጨፈር ያምረዋል፣ መጨፈር ሲያምረው ከአዲስ አበባ ባንድ ያስመጣል። ባሌ ከእንዲህ ያለ ባንድ ጋር መጥቶ ቡናው ሲያልቅ አልተመለሰም። የሚሠሩበት ሆቴል አዌቱ ወንዝ አጠገብ ነበር፤ እኔ የምሠራበት የቡና መጋዘን ደግሞ ከሆቴሉ ጀርባ። መሬት ላይ በረድፍ ተቀምጠን ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው እንለያለን፤ እነሱ ከሰዓት ሲለማመዱ እንሰማለን። ሴቶቹ በሳክስፎኑ ይቃጠላሉ። እኔ ግን የዚያ የጥሩምባ ነፊ ነገር ያናድደኝ ነበር። አንድ የሚታወቅ ዘፈን ይጀምርና መሃሉ ላይ ጥሎት ይሄዳል። በዚህ ይዞራል፣ በዚያ ይዞራል፤ ጠፋ፣ አለቀለት ስንል ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ተመልሶ ይገባል። አንድ ቀን በር ላይ ሳገኘው ፊት ለፊት ጠየቅሁት።

«መንገዱን እያወቅህ ለምንድነው በጎን የምትዞረው?»

«ቀጥ ብዬ ብሄድ ቶሎ እደርሳለኋ» አለኝ።

«ቶሎ ብትደርስ ምን አለበት?»

«ከደረስኩማ አለቀ።»

ይኼ መልስ ነው ብዬ አልተቀበልኩትም። እስከ ዛሬም አልተቀበልኩትም። ግን አገባሁት።

ሁለተኛውን ጥሩምባ ያመጣለት አንድ ግሪክ ቡና ላኪ ነው። ሰውየው አገሩ ደርሶ ሲመለስ ይዞለት መጣ፤ ባሌም ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ እየሄደ በመንፋት ዋጋውን ጨረሰ። ያ ጥሩምባ ወርቅ ይመስል ነበር። ድምፁን እኔ መግለጽ አልችልበትም፤ ብቻ ለቡና ለቃሚዎቹም ሳይቀር ልዩነቱ ይገባቸው ነበር። አሮጌው ግን መሃለኛው ቁልፍ ሲጫኑት እዚያው ይቀራል፤ በጥፍር ጎትተው ካላነሱት አይመለስም። ባሌ አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ሥር አስቀመጠው። ከጦር ሰፈር ይዞት የወጣው ብቸኛ ነገር ስለነበር መጣል አልሆነለትም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ግሪኩ ሄደ። ሆቴሉ የመንግሥት ሆነ። ባንዱንም ማንም «ተበተኑ» ያለው የለም፤ ሰዓት እላፊ ነው የበተነው። ጃዝ ሰው እራቱን በልቶ፣ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ፣ ልቡ ሲከፈት የሚሰማ ነገር ነው፤ ሰው ልቡ ሊከፈት ሲል ደግሞ መንገድ ላይ መገኘት ተከለከለ። ስለዚህ ሆቴሉ ሙዚቃውን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አደረገው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይ በመስኮት እየገባ፣ ስብሰባ የሚጠብቁ አራት ሰዎች ሻይ እየጠጡ፣ ጃዝ! ፒያኖ ተጫዋቹ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፣ ከበሮ መቺው ዘመተ፣ ሳክስፎኑ አጋሮ ሄዶ አስተማሪ ሆነ። ባሌ ብቻውን ቀረና ብቻውን ይነፋ ነበር። ደመወዙ አልተቋረጠም። መንግሥት ሥራ አጥ አይፈልግም ነበርና።

እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ አብዮቱን ወድጄው ነበር። መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ ስሠራ ኖሬ «ሁሉም እኩል ነው» የሚል ሰው ሲመጣ ለምን አልወድ? መሠረተ ትምህርት ተከፍቶ ማንበብ ተማርኩ። በቀበሌ ስብሰባ ፊተኛው ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር። እጄም ቶሎ ይወጣ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በአንዱ ስብሰባ ነው። የመንደሩን ልብስ ሰፊዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ማደራጀት ተፈለገ፤ የስፌት መኪና ግን አነሰ። ከቤታችን ማዶ ከደቡብ የመጣ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ጴንጤ ነው፣ ዝምተኛ፣ ሱሪ ቢሰፋ አሥር ዓመት የማይተረተር። ሁለት መኪና ነበረው፤ አንዱ የሱ፣ አንዱ የሚስቱ። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ በፊት የቡና መኪና ረዳት የነበረ ሰው ነው፣ ትርፍ ቤት እንደተወረሰ ሁሉ ትርፍ ዕቃም የሕዝብ መሆን እንዳለበት አብራራ። እንዲህ የሚል አዋጅ እንደሌለ በኋላ ነው የተረዳሁት። ያኔ ግን ልቤ ሞቀ፤ እጄ ወጣ።

«ሁለት ያለው አንዱን ይስጥ!» አልኩ ቆሜ። «ሁለት ላለውና ምንም ለሌለው እኩል አብዮት የለም!»

ተጨበጨበልኝ። በዕድሜዬ ያን ያህል ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። ልብስ ሰፊው መሬት መሬት ያይ ነበር። ሚስቱ ግን ዞር ብላ አየችኝ።

በሳምንቱ ሁለት የኮሚቴ ሰዎች መዝገብ ይዘው ደጄ ላይ ቆሙ። ባሌ ያን ቀን ጥሩምባውን ቤት ትቶ ለስብሰባ ሆቴል ሄዶ ነበር።

«ሁለት ጥሩምባ እንዳላችሁ ጥቆማ ደርሶናል» አለ አንደኛው፤ ዓይኑን ከመዝገቡ ሳያነሳ።

ማን እንደጠቆመ አልጠየቅሁም። የልብስ ሰፊው ሚስት ከሆነች መብቷ ነው። «አለን» አልኩ። ምን ልበል? ሕዝብ ፊት የተናገርኩትን ነገር በራሴ ደጅ ልካድ? ገባሁና ሁለቱንም አወጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ሰዎቹ ስለ ጥሩምባ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ የትኛውንም ብሰጣቸው መዝግበው ይሄዱ ነበር። እኔ ግን አውቃለሁ። የማይሠራውን ለሕዝብ ሰጥቼ የሚሠራውን ለራሴ ባስቀር፣ ከነዚያ ቡና ውስጥ ድንጋይ ከሚቀላቅሉ ነጋዴዎች በምን ተሻልኩ? ስለዚህ ደህናውን ሰጠሁ።

ከነሳጥኑ ሰጠሁ።

ባሌ ማታ ላይ ገብቶ ቁም ሳጥኑን ከፈተ። ዘጋው። እንደገና ከፈተው።

«ወስደውታል» አልኩት። «ትርፍ ነው ብለው።»

«ትርፉን ወሰዱ?»

«አንዱን ወሰዱ።»

«የትኛውን?»

«ለሕዝብ የተበላሸ ነገር አይሰጥም» አልኩ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጮኾ ቢሰድበኝ በተሻለኝ። «የኔን ነገር» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሳትጠይቂኝ።» ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት ከኔ ጋር «ጨው» እና «በሩን ዝጊው» ከሚሉት በቀር ንግግር አልነበረውም። አሮጌውን ጥሩምባ አውጥቶ ይሞክራል፤ ሁለት ሦስት ድምፅ ሲያወጣ ያ ቁልፍ ይሰምጣል፣ በጥፍሩ ይጎትተዋል፣ ይጀምራል፣ ይሰምጣል። በመጨረሻ ጠቅልሎ ቦታው መለሰው። ሆቴሉ ሄዶ ተቀምጦ ይመጣል። ክብደቱ ቀነሰ። እኔ ባል ነበረኝ፤ እሱ ግን ያንን ጥሩምባ ካላስመለሰ እዚህ ቤት የሚውለው ልብሱ ብቻ እንደሆነ ገባኝ።

ቀበሌው በበኩሉ የወሰደውን ነገር አያውቅበትም። ጥሩምባውን ከጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰቅሎት፣ ስብሰባ ሲኖር ሊቀመንበሩ ራሱ ደጅ ወጥቶ ይነፋው ነበር። ድምፁ የታመመች ጥጃ ይመስላል። ሰው ስብሰባው ስለገባው ሳይሆን ያቺን ጥጃ ለማስቆም ሲል ይሰበሰብ ነበር። በኋላ የኪነት ቡድን ሲቋቋም ግን ለሰልፍ ሰው ተፈለገ፤ በመንደሩ አንድ ጥሩምባ የሚችል ሰው ብቻ እንዳለ ተደረሰበት። ባሌ ተጠራ። እያንዳንዱን ጊዜ ፈርሞ ይወስዳል፣ ፈርሞ ይመልሳል። አንድ ቀን ከንፈሩ የሚነካበትን ጫፍ በራሱ መሐረብ ሲጠርግ የንብረት ኃላፊው አይቶ «ጓድ፣ የሕዝብ ንብረት በግል ጨርቅ አይጠረግም» ብሎ ገሠጸው። ቤት መጥቶ ይኼን ነገረኝ። ለረጅም ጊዜ ያላወራኝ ሰው ይኼን ያወራኝ ሌላ የሚነግረው ሰው ስላልነበረ ነው።

ቡና ሲደርስ ለለቀማ ዘመቻ ወደ ሰቃ ወረድን። ስማችን እየተጠራ በጭነት መኪና ተጫንን። ቡናው የመንግሥት እርሻ ላይ ቀልቶ ቆሞ ነበር፤ ለቃሚው ደግሞ ተማሪ፣ ጡረተኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ ነፍሰ ጡር ሳይቀር ነው። ጥሩምባውም ዘመተ። ጠዋት ሥራ ለማስጀመር፣ ቀትር ላይ ለምሳ፣ ከሰዓት ለማብቂያ። ባሌ ጠዋትና ማታ ቀጥ አድርጎ ይነፋል። ቀትር ላይ ግን፣ ሰው ከቡናው ጥላ ሥር ሲቀመጥ፣ የምሳውን ጥሪ ይጀምርና መሃሉ ላይ ጥሎት ይሄዳል።

እዚያ ጫካ ውስጥ ነው መጀመሪያ የገባኝ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ዙሪያችን ቅጠል ስለነበረ ይሆናል። በጎን ሲዞር ጠፋ ብዬ አልተናደድኩም። እንዲያውም ቶሎ እንዳይመለስ ፈራሁ። አጠገባችን የሚለቅሙ የአገሩ ገበሬዎች ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ያዳምጣሉ፤ ሲጨርስ አንዲት ባልቴት «ደበሊ! ደበሊ!» ይላሉ። ጨምር ማለታቸው ነው። እሱም ይጨምራል። በማግስቱ የሚነፋው ሌላ ነው።

የዘመቻው ካድሬ ግን በማግስቱ ሌላ መሆኑ አላማረውም። በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ደብተሩን ይዞ መጣ።

«ጓድ፣ የምሳ ጥሪው ትናንት የነፋኸው ነው?»

«እሱው ነው።»

«አይደለም። ትናንት መሃል ላይ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ዛሬ ወረደ።»

«ጃዝ ስለሆነ ነው ጓድ። በየቀኑ ይለያያል።»

«ማን ፈቅዶ?»

ባሌ አሰበበት። «ማንም» አለ።

ካድሬው ጻፈ። «ጃዝ የኢምፔሪያሊስቶች ሙዚቃ አይደለም እንዴ?»

ሁላችንም እጃችን ላይ ያለውን እንጀራ ያዝን። ለዚህ ጥያቄ በተሳሳተ መንገድ መልሶ ያልተመለሰ ሰው እናውቃለን። ባሌ ግን ተረጋግቶ፣ «የለም ጓድ» አለ። «ኢምፔሪያሊስቶቹ ጥጥ ያስለቅሟቸው የነበሩ ጥቁሮች ናቸው የፈጠሩት። ለቃሚዎች ናቸው፣ እንደኛ።»

«በግዳጅ ነዋ የሚለቅሙት?»

«በግዳጅ።»

ካድሬው ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። በስም ጥሪ የተጫንነው ሁሉ ቅርጫት በወገባችን ታጥቀን እናየዋለን። «እኛ በፍላጎት ነው» አለ። የሆነ ቦታ አንዲት ፍሬ ከቅርጫት ወደቀች።

ከዚያ ወዲያ ጃዝ የጭቁኖች ሙዚቃ መሆኑ ተቀባይነት አገኘ፤ ነገር ግን በዕቅድ እንዲነፋ ተወሰነ። ካድሬው እስካሁን ከሰማው የማክሰኞው እንደሚሻል ገልጾ የማክሰኞውን አጸደቀ። በየቀኑ የማክሰኞው ብቻ እንዲነፋ። ችግሩ ባሌ ማክሰኞ ምን እንደነፋ አያስታውስም ነበር። ቢያስታውስ እኮ ጃዝ አይደለም። በማግስቱ ፈራ ተባ እያለ ደስ ያለውን ነፋ። ካድሬው ወደ ለቃሚዎቹ ዞረ።

«ይኼ የማክሰኞው ነው?»

«የማክሰኞው ነው!» አልን ሁላችን።

እኚያ ባልቴት አማርኛ ያን ያህል አይችሉም፤ «ማክሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ደበሊ!» አሉ። ዘመቻው እስኪያልቅ በየቀኑ አዲስ ማክሰኞ ሰማን። እኔም አብሬ «የማክሰኞው ነው» እል ነበር፤ በጅምላ ስለሆነ እንደ ውሸት አልቆጠርኩትም። አንድ ቀን ደግሞ በቅርጫቱ ተደግፌ ስሰማ ባሌ አሻግሮ አየኝና ጥሩምባውን እንደያዘ በቅንድቡ ጠቀሰኝ። ታረቅን ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

ግን ካድሬው ሪፖርት ጻፈ። በዕቅድ የሚነፋ ጥሩምባ የለቀማውን ውጤት እንዴት ከፍ እንዳደረገ ጽፎ ለበላይ አካል ላከ። የበላይ አካሉ ተደሰተ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ጥሩምባው ለራሱ ኪነት ቡድን በአስቸኳይ እንዲዛወር ለቀበሌያችን ደብዳቤ ጻፈ። ጥሩምባው ነው እንጂ ነፊው አይደለም። ለዕቃ ማዘዣ አላቸው፤ ለሰው በጀት የላቸውም። ዝውውሩ በሚቀጥለው እሑድ ከስብሰባ በኋላ እንዲፈጸም ተወሰነ።

ይኼን የሰማነው ወደ ጅማ ስንመለስ፣ መኪናው ላይ ነው። ባሌ ቤት ሲገባ ፈርሞ ያመጣውን ጥሩምባ ፈታታው፣ እያንዳንዷን ቱቦ በለብ ባለ ውሃ አጠበ፣ በመሐረቡ አደረቀ፣ ዘይት ቀባ። ሬሳ የሚያጥብ ሰው ነው የሚመስለው።

«ዝም ብለህ ልትሰጣቸው ነው?» አልኩት።

«የሰጠሁት እኔ ነኝ?» አለ።

በዚያው ሳምንት መሠረተ ትምህርት ያስተማረችኝን ልጅ ለምኜ የትርፍ ቤት አዋጁን አስመጣኋት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ጣቴን ከቃል ቃል እያስኬድኩ፣ የማይገባኝን እየዘለልኩ፣ ተመልሼ እያነበብኩ። አንድ ቦታ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ከአንድ በላይ ቤት ያለው ሰው የሚቀርለትን ቤት የሚመርጠው ራሱ ነው የሚል ነገር አለበት። ራሱ! ኮሚቴው አይደለም። ሚስቱም አይደለችም። እንግዲህ ቀበሌው አዋጁን ወደ ጥሩምባ ካመጣው ሙሉውን ያምጣው። ባሌን የበደልኩት ደግሞ ልክ በዚህ ነው፤ የሱን ምርጫ እኔ መረጥኩለት።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ጥሩምባው ከነሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ከበላይ አካል የመጣው ተረካቢም እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። አሮጌውን በጨርቅ እንደተጠቀለለ ከወንበሬ ሥር አድርጌዋለሁ። «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» ሲባል እጄን አወጣሁ።

«ግለ ሂስ አለኝ» አልኩ።

ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ሰው የሌላውን ግለ ሂስ ይወድ ነበር።

«እዚህ ቆሜ ሁለት ያለው አንዱን ይስጥ ብያለሁ። አልጸጸትም። ነገር ግን አዋጁ የሚቀረውን የሚመርጠው ባለቤቱ ነው ይላል። ልብስ ሰፊው አልመረጠም፤ የተወሰደው የሚስቱ መኪና ነው። ባሌም አልመረጠም፤ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ መጀመሪያ የነሱ ይስተካከል፣ ቀጥሎ የኛ።»

ሊቀመንበሩ የአዋጁን መጽሐፍ ተቀብሎ ገለጠው። «ይኼ እኮ የቤት ነው» አለ።

«የቤት ከሆነ ጥሩምባውን በምን ወሰዳችሁት?»

ከኋላ የሳቀ ሰው ነበረ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከቡና መኪና ላይ ወርዶ እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ያስቀመጡት ሰው ነው። ላቡን ጠረገና «ይምረጡ» አለ። የልብስ ሰፊው ሚስት ተነስታ የራሷ መኪና እንዲመለስላት መረጠች፤ የባሏን ማኅበሩ ወሰደ። አሁንም ዞር ብላ አየችኝ። ምን ብላ እንዳየችኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ተራው የኛ ሆነ። አሮጌውን አውጥቼ ከደህናው ጎን አስቀመጥኩት። ባሌ ከሰዎቹ መሃል መጣ። ማንም እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆት የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ጦር ሰፈርም፣ ሆቴልም፣ እኔም። ሁለቱን አየ። «ይኼን» አለና ደህናውን አንስቶ ደረቱ ላይ አደረገው።

ተረካቢው እግሩን ፈታ። «ቆይ» አለ። «ለኛ የሚቀረው ይሠራል?»

ሊቀመንበሩ ባሌን አልጠየቀውም። ወደ እኔ ዞረ። «እሷን እንጠይቃት» አለ ፈገግ ብሎ። «ይህች ሴት ለአባቷም አትዋሽም። አንቺ፣ ደህና ነው?»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። መንደሩ በሙሉ ያየኛል። መሃለኛው ቁልፍ ሲሰምጥ፣ ጥፍሩ ሲጎትት፣ ሁሉም ፊቴ ላይ ድቅን አለ። እውነቱን ብናገር ተረካቢው ደህናውን ይዞ ይሄዳል፤ ደብዳቤው የሚሠራ ጥሩምባ ነው የሚለው። ባሌን አላየሁትም። ባየው ይቀለኝ ነበርና ፍትሐዊ አይሆንም።

«ደህና ነው» አልኩ።

በቃለ ጉባኤ ተጻፈ። «አንድ ጥሩምባ፣ በደህና ሁኔታ ላይ ያለ።»

መንገድ ላይ ባሌ ሳጥኑን አቅፎ ከኔ ትንሽ ቀድሞ ይሄድ ነበር። ወደ ቤታችን ስንታጠፍ ቆመ።

«ዋሸሽ።»

«አዎ።»

«ሕዝብ ፊት።»

«ዝም ብለህ ሂድ።»

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀ ነው። ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ እግሩን አንፈራጥጦ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ያን ቀን ከሰዓት በሩን ከፍቶ ነፋ፤ ልብስ ሰፊዎቹ ሳይቀሩ መኪናቸውን አቁመው ሰሙ። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነፊ ነበር። እዚያ መሥሪያ ቤት ያለ አንድ ምስኪን ነፊ ያንን ጥሩምባ ይዞ ሰልፍ ላይ ይቆማል፤ ቁልፉ ይሰምጣል፤ የሚጠየቀው እሱ ነው። በምን ጥፋቱ?

ሰኞ ጠዋት ነጠላዬን ደርቤ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። የንብረት ክፍል ኃላፊውን አገኘሁት፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው።

«ትናንት የመጣው ጥሩምባ መሃለኛው ቁልፉ አይሠራም» አልኩት። «ደህና ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ዋሽቼ ነው።»

ሰውየው ወረቀቱን ፈልጎ አወጣ። «እህቴ፣ በሞዴል አሥራ ዘጠኝ በደህና ሁኔታ ገቢ ሆኗል» አለኝ።

«አይሠራም እያልኩህ ነው!»

«ገቢ ከሆነ በኋላ እዚህ ቢሰበር ለብቻው ቅጽ አለው። ሳይገባ የተሰበረ ከሆነ ግን አልገባም ማለት ነው። ገብቷል ግን።»

«ቢያንስ ለሚነፋው ሰው ንገርልኝ።»

«የሚነፋ ሰው የለንም» አለ። ተነስቶ ከኋላው ያለውን በር ከፈተልኝ። አንድ ክፍል ሙሉ ዕቃ ነበር፤ ክራር፣ አኮርዲዮን፣ ከበሮ፣ ሁለት ማሲንቆ፣ አንዱ ላይ ሸረሪት ያደራበት። ሁሉም ላይ ቁጥር በነጭ ቀለም ተጽፎባቸዋል። የኛ አሮጌ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። እንዲያውም ከሁሉ የተሻለው እሱ ይመስል ነበር።

እያቃጠለኝ ቤቴ ተመለስኩ። ውሸቴ ማንንም አልጎዳም፤ እውነቴም ማንንም አልጠቀመም። እንዲህ ያለ ነገር ለኔ ዓይነት ሰው ከቅጣት ይከፋል። ባሌ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጥሩምባውን ይጠርግ ነበር። የት እንደነበርኩ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

እጁ ቆመ። «ሄደሽ ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«ቢያምኑሽስ ኖሮ?»

«ቢያምኑኝማ ትመልሳለህ» አልኩ። ሌላ ምን መልስ ይኖራል?

ቀና ብሎ አየኝ። ንዴት አልነበረም። አንድ ሰው ከዓመታት በኋላ የሚኖርበት ቤት በር ቁልፍ እንደሌለው ሲያውቅ የሚሆነውን ነው የሆነው። ጥሩምባውን ሳጥኑ ውስጥ አስገባና ክዳኑን ዘጋ፤ ከዚያ ብብቱ ውስጥ አደረገውና ለሻይ ወጣ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ያንን ሳጥን ከኔ ጋር ቤት ትቶት ወጥቶ አያውቅም። ሆቴል ሲሄድ ይዞት ነው፣ ፀጉር ሊቆረጥ ሲሄድ ይዞት ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ከነሳጥኑ ነው። ሰዓት እላፊው ላላ ብሎ በቾ ቦሬም አጋሮም ለሰርግ መጠራት ሲጀምር፣ ምሳ በልቶ እጁን ሊታጠብ ሲነሳ እንኳ በብብቱ ይዞት ይነሳ ነበር። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ባንድ ሊሰማው ፈልጎ መልእክት ሲልክበት፣ ጥሩምባህን አስቀድመህ በአውቶቡስ ላክና ሰው ይይዝልሃል ቢሉት እምቢ አለ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። ደርግም ሄደ፣ ቀበሌውም ሊቀመንበሩም ተለወጡ፣ እሱ ግን ሳጥኑን አላስቀመጠም። ሰዎች «የአርቲስት ጸባይ ነው» ይሉ ነበር፤ አንዳንዶቹም «መንግሥት አስፈራርቶት ነው» ይላሉ።

የፈራው መንግሥትን አልነበረም። እኔን ነበር።